የማዳም ፊደልና የአባቴ ነጥቦች

ፖላንድኛ ማንበብ የተማርኩት ኩዌት ውስጥ፣ አንድም ቃል ሳይገባኝ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ የመካነ ሰላም ሴት ፖላንድኛ ምን ያደርግላታል ይለኛል። ምን እንዳደረገልኝ እኔም በውል አላውቅም። ምንጣፍ ከማጠብ ግን በብዙ ይሻላል።

የአሠሪዬ የማዳም ባል ኢራቃዊ ሐኪም ነበር። ወጣት ሳለ ፖላንድ ሄዶ ተማረና ከዲግሪው ጋር እሷን ይዞ ተመለሰ። እኔ ቤቱ ስገባ እሱ ሞቷል፤ ልጆቹም አድገው ራሳቸውን ችለዋል። ማዳም ብቻዋን ነበረች፤ ዓይኗም ደክሟል። በአገሯ የቋንቋ መምህርት ስለነበረች የቤቱ ግድግዳ ሁሉ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ ግን አልታይ ብሏታል። ልጆቿ ዐረብኛና እንግሊዝኛ እንጂ የእናታቸውን ቋንቋ ማንበብ አይችሉም። ለዚህ ልጆቿን ትወቅሳለች። በልቧ የምትወቅሰው ግን ራሷን ይመስለኛል፤ ሳታስተምራቸው የቀረችው እሷ ናትና።

አንድ ቀን ፖላንድ ካለችው ታላቅ እህቷ ደብዳቤ መጣላት። እህትየው ስልክ ብዙም የማትወድ፣ በእጇ የምትጽፍ አሮጊት ናት። ማዳም አጉሊ መነጽሩን ይዛ ከወረቀቱ ጋር ስትታገል ቆየችና ጥላው ማልቀስ ጀመረች። «ፊደሉን አሳዪኝና እኔ ላንብብልሽ» አልኳት። የምንግባባው በዐረብኛ ነው።

«ሳይገባሽ እንዴት ታነቢያለሽ?»

«ቁርኣን ስቀራስ መች ገብቶኝ ነበር?» አልኳት።

እውነቴን ነው። አባቴ ከመካነ ሰላም ወጣ ባለ መንደር ቁርኣን የሚያስቀሩ ሸህ ነበሩ። እኔና ታናሽ እህቴ ከደረሶቻቸው፣ ከተማሪዎቻቸው ኋላ ተቀምጠን፣ ሉሃችንን፣ የእንጨት ሰሌዳችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ነው ያደግነው። መጀመሪያ ምላስ ይግራ፤ ትርጉሙ ቀስ ብሎ ይመጣል ይሉን ነበር። ትርጉሙ ሳይመጣለት ዕድሜውን የጨረሰ ስንት ሰው አለ! ስለዚህ ሳይገባ ማንበብ ለእኛ ድንቅም ነውርም አይደለም። የሁሉም መጀመሪያ ነው።

ማዳም በጥቂት ሳምንት ፊደሉን አስጨበጠችኝ። ፊደሉ የእንግሊዝኛው ዓይነት ነው፤ ግን ነጥብ፣ ሰረዝና ጭራ ተጨማምሮበታል። ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ቆሞ አንድ «ሽ» ይሆናል፤ ሌላ ሁለት ደግሞ «ች»። ሲያዩት ያስፈራል። ነገር ግን እንግሊዝኛ አይደለም፤ ሕጉን አንዴ ካወቁት አያታልልም። ማዳም ዓይኗን ጨፍና ትሰማኛለች፤ ስሳሳት እጇን ታነሳለች። አባቴም ስንሳሳት እጃቸውን ነበር የሚያነሱት። በዚህ ምክንያት፣ ሌሎቹ የአገሬ ልጆች ማዳሞቻቸውን አረመኔ ብለው በሚፈሩበት አገር፣ እኔ ያለሁበት ቤት ወደ ቤቴ የቀረበ መሰለኝ።

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ መጽሐፍ ማንበብ ጀመርኩላት። ከሁሉ የምትወደው የቋንቋዋን ታሪክ የሚያወሳውን ወፍራም መጽሐፍ ነበር። አንድ ገጽ አነብላታለሁ፤ እሷ በዐረብኛ ታብራራልኛለች። ዓመት ሁለት ዓመት እንዲህ ስንል ቃሉም ቀስ በቀስ ይገባኝ ጀመር። አባቴ እንዳሉት ምላሴ ቀደመ፣ ትርጉሙ ተከተለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፖላንዶች መጀመሪያ ፊደል አልነበራቸውም። ክርስትና ሲገባ የላቲን ፊደል አብሮ ገባ። ላቲን ግን «ሽ» የለው፣ «ች» የለው፣ «ዥ» የለው፤ በአፍንጫ የሚባለውን ድምፃቸውንማ ከነጭራሹ አያውቀውም። መነኮሳቱ በዚያ በማይበቃው ፊደል የሰውና የቦታ ስም ሲጽፉ አንዱን ፊደል ለሦስት ድምፅ ያውሉታል፤ ሁሉም እንደመሰለው ይጽፋል። በቋንቋቸው ተጽፎ ከተገኘው ሁሉ ጥንታዊው ዐረፍተ ነገር፣ በላቲን መጽሐፍ መሐል የተሰነቀረ፣ አንድ ባል ለሚስቱ የተናገረው ነው፤ ወፍጮውን እሱ እንዲፈጭ፣ እሷ እንድታርፍ ይነግራታል። እዚህ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ሳቅኩ። የእኛ አገር ወንድ እንዲህ ቢል እንኳን በመጽሐፍ፣ በድንጋይ ላይም ይጻፍለት ነበር።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ሳልጽፍ መቅረት አልቻልኩም። አባቴ ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ በስልክ አናወራም፤ በደብዳቤ ነው የምንገናኘው። የሚጽፉትም በአማርኛ ፊደል አይደለም፤ እሱን አልተማሩትም። አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ነው የሚጽፉት። በእኛ አገር ሸሆች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ መንዙማው፣ ምክሩ፣ የመድኃኒቱ ቅመም ሳይቀር በዚያ ተጽፎ ይኖራል። ችግሩ፣ ዐረብኛም «ች» የለውም፣ «ጭ» የለውም፣ «ኝ» የለውም። ስለዚህ ሸሆቹ ከፊደሉ ላይ ነጥብ ይጨምራሉ። አንዱ ሦስት ነጥብ ከላይ ያደርጋል፣ ሌላው ከታች፤ የወረኢሉው ሸህ የጻፈውን የእኛው ሸህ ሲያነብ ግንባሩን ይቋጥራል። አባቴም የራሳቸው ነጥቦች ነበሯቸው። እነዚያን ነጥቦች ሳይደናቀፍ የሚያነብ እኔና እህቴ ብቻ ነበርን።

አሠራራችንም እንዲህ ነበር። እሳቸው ይጽፋሉ፤ እህቴ ኔትወርክ ባለ ቀን ወደ ከተማ ትወጣና ወረቀቱን በስልኳ አንስታ ትልክልኛለች። የእኔንም እንደዚሁ ትቀበልና ከስልኳ ታሳያቸዋለች። ፎቶ ይነሡ ብዬ ብዙ ለምኜ ነበር፤ ፎቶ አይወዱም። የእጃቸው ጽሑፍ ለእኔ ፎቶአቸው ነበር።

ስለ ፖላንዶች ለጻፍኩላቸው የመለሱልኝን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። «አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፤ ለካ ባልበቃ ፊደል የተቸገርን እኛ ብቻ አይደለንም። ያችን ጭራ የቀጠሉባት ፊደል ነገር አስደሰተችኝ። ጭራዋን የፈቀደላቸው ማን ነው? ሊቃውንቱ ተስማምተው ነው ወይስ አንድ ደፋር ተነስቶ ነው? ጠይቂልኝ።»

ይህን ባነበብኩ ቀን ኩዌት የእኔ ሆነች። ሸሁ አባቴ እኔን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ጠይቂልኝ አሉ!

ማዳምን ጠየቅኳት፤ እሷም እንደ እኔ ደስ አላት። ሁለት ወር ያህል ማታ ማታ መጽሐፉን ስናገላብጥ ከረምን። ነገሩ ወዲህ ነው፤ አንድ ቄስ የሆነ ሊቅ ተነስቶ፣ እንዲህ ጻፉ፣ ረጅሙን ድምፅ ፊደሉን ደግማችሁ ጻፉ ብሎ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ማንም አልሰማውም። በኋላ ማተሚያ መጣ። አታሚዎቹ መጽሐፉን ለሁሉም አንባቢ መሸጥ አለባቸውና፣ በየቤቱ የተለያየ አጻጻፍ አላዋጣቸውም። ነጥቡን ከጎረቤት አገር ተዋሱ፣ ጭራውን ከድሮ ጸሐፊዎች ወሰዱ፣ እየተያዩ አንድ መልክ ያዙ። ስለዚህ ሊቃውንቱም አልፈቀዱ፣ ደፋሩም አልተሰማ፤ ነገሩን የጨረሱት ነጋዴዎች ናቸው። ይህን ሁሉ በአባቴ ነጥቦች በአራት ገጽ ጻፍኩ። እጄ እስኪዝል ነው የጻፍኩት። ላክሁና መጠበቅ ጀመርኩ።

መልሱ ከወር በኋላ መጣ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ሶላቴን እንዳላጓድል፣ የሰው ቤት እንዳከብር ይናገራል። ስለ ጭራዋ አንድ ቃል የለም።

ተቀየምኩ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ሲረሳ ምን ይባላል? ምናልባት አራት ገጹ በዝቶባቸው ይሆናል፤ ምናልባት እኔ የማላውቀው ወሬ ከሰው ደርሷቸው፣ የሸህ ልጅ በነጭ መጽሐፍ ጊዜዋን ታጠፋለች ብለው አዝነውብኝ ይሆናል እያልኩ ራሴን አብሰለሰልኩ። እህቴን በስልክ ስጠይቃት «ደከም ብለዋል እታለም፤ ዕድሜ ነው እኮ» አለችኝ። ሌላ ጻፍኩ። ለጆሯቸው መስሚያ ልገዛላቸው እንደሆነ ነግሬ፣ የትኛው ጆሮ እንደሚሻላቸው ጠየቅኩ። ለረመዳን ደብዳቤ መጣ፤ ረመዳኑን ባርከውልኛል፣ ስለ ጆሮ አልተነሳም። ለአረፋም መጣ። ምርቃቱ ልብ ያርሳል፤ ጥያቄዬን ግን የሚመልስልኝ የለም። እኔ በበኩሌ እያሳጠርኩ መጣሁ። ኋላ ኋላ ስለ ፖላንድ መጻፌን ጭራሽ ተውኩት።

ከማዳም ጋር ግን ቀጠልን። አገራቸውን ሦስት ነገሥታት እንደ ቅርጫ ሥጋ ሲከፋፈሉት፣ ትምህርት ቤቱ በገዥ ቋንቋ ሆነ። ጸሎታቸውን በባዕድ ቋንቋ አንደግምም ያሉ ሕፃናት በመምህሮቻቸው ተገረፉ። እናቶች በየቤቱ መስኮት ዘግተው ልጆቻቸውን ፊደል አስቆጠሩ። ማዳም ይህን ስታወራ ፊቷ ይቀላል። «ያኔ እናቶች መስኮት ዘግተው አስተማሩ፤ እኔ መስኮቱ ተከፍቶልኝ ሳላስተምር ቀረሁ» አለችኝ አንዴ። ሻይ አፈላሁላት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሞቱት ድምፆች ነገር ነው። ከላይዋ ሰረዝ ያለባት «ኦ» አለች፤ ድሮ ረጅም «ኦ» ተብላ ትነበብ ነበር። ዛሬ «ኡ» ነው የሚሏት፣ ሌላ «ኡ» እያላቸው። ልጆቻቸው የትኛዋን እንደሚጽፉ በፈተና ላይ ያለቅሱባታል። «ድምፁ ከሞተ ለምን አይፍቋትም?» አልኳት። ማዳም «ሰው ሲሞት ከቤት ስሙን ትፍቂያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። በዚያው ሰሞንም በአገሯ አንዳንድ የአጻጻፍ ሕግ ሊቀየር ነው ሲባል ሰምታ ቀኑን ሙሉ ስትነጫነጭ ዋለች።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ የሰው ብቻ ባወራ ደግ አይደለም።

አንድ ሰኞ የማዳም እህት ደብዳቤ መጣ። ያኔ የማነበው ይገባኛል። ስለ ፖም ዛፏና ስለ ጎረቤቷ ካወራች በኋላ፣ ታማ ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል እንደምትገባ፣ ራሷን እንደሚከፍቷት፣ ከዚያ በፊት ማዳም እንድትደውልላት ጽፋለች። በዓይኔ ቀድሜ አነበብኩትና ቀና ብዬ አየኋት። ማዳም ብቻዋን ናት፤ ምሳ አልበላችም፤ አጠገቧ ሽማግሌ የለ፣ ጎረቤት የለ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ድንገት ይነገራል? በእኛ አገር ክፉ ወሬ ሥርዓት አለው። ሰው ይሰበሰባል፣ ትልቅ ሰው ይናገራል፣ የሚደግፍ ከጎን ይቆማል። ስለዚህ ያንን ዘለልኩት። ከራሴ ፈጥሬ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ጨረስኩላት። ዓርብ ልጇ ሲመጣ አብረን እንነግራታለን ብዬ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እህትየው ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት ወጣች፤ ንግግሯ ግን ጠፋ። ማዳም ዓርብ ከልጇ ሰማች። ደብዳቤውን ካለበት አስመጥታ፣ ልጇ በስልኩ እያስተረጎመ እንዲያነብላት አድርጋ ነገሩን ደረሰችበት። አልጮኸችም። «ከእህቴ ጋር የማወራበት ሦስት ቀን ነበረኝ። ሰረቅሽኝ» አለችኝ። «መጥፎውም ወሬ የእኔ ነው። አንቺ ምን አግብቶሽ ታስቀምጪዋለሽ?» ከዚያ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነበበችኝ፤ በማግስቱም እንደገና፤ ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ።

እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። በሆዴ ግን፣ ወላሂ አልዋሽም፣ እነዚህ ሰዎች ልባቸው ድንጋይ ነው ብያለሁ። ያሳዘነኝ እሷን ለማዳን ስል መሰደቤ ነበር። ለእህቴ ደውዬ ሁሉንም አወራኋት። እህቴ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«በጣም ተቆጣችሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«በጣም።»

«ኋላስ ይቅር አለችሽ?»

«አለችኝ» አልኳት። እንዲያ አብዝታ መጠየቋ ለእኔ አዝና መስሎኝ ወደድኳት።

ከዚያ በኋላ ልቤ አልረጋ አለኝ። የማዳም እህት አፍ ተይዞ መቅረት የአባቴን ጆሮ ያሳስበኝ ጀመር። ሳልሰማቸው፣ ሳይሰሙኝ ቢሞቱስ? ጻፍኩላቸው፤ «አባዬ፣ ውሌን አፍርሼ ልምጣና ልይዎት። ጉልበትዎን ስሜ ምርቃትዎን በጆሮዬ ልስማ። ልምጣ ወይ?» መልሱ በሁለት ቀን ደረሰ። ያን ያህል ፈጥኖ መጥቶ አያውቅም። የእጃቸው ጽሑፍ ነው፤ ነጥቦቹ የእሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ አትምጪ። ቤቱ የቆመው በአንቺ ነው። የጀመርሽውን ፈጽሚ። ዱዓዬ ካለሽበት ይደርሳል፤ ዱዓ መንገድ አይዘጋበትም።»

አባት አትምጪ ካለ አይመጣም። ቀረሁ።

ከወራት በኋላ ማዳም ወደ እህቷ ልትሄድ ወሰነች። አንዷ አታይ፣ አንዷ አትናገር፣ አብረን አንድ ሰው ይወጣናል ብላ ሳቀች። ቤቱ ተዘጋ፤ የእኔም ሥራ አለቀ። አትምጪ የተባልኩት ሥራ እያለኝ ነው፣ አሁን ግን ምን አደርጋለሁ ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር ተነሳሁ። ከቦሌ ለእህቴ ደወልኩላት። «መጣሁ!» ስላት እልልታ ጠብቄ ነበር። «የት ነው ያለሽው? መቼ ነው የምትሳፈሪው?» አለችኝ፤ ድምጿ የሌላ ሰው ሆኖብኝ።

በደጎሎ አድርጌ ወረኢሉ፣ ከወረኢሉ ሌላ መኪና ይዤ መካነ ሰላም ገባሁ። ኅዳር ነበር፤ አዝመራው ደርሶ መሬቱ ቢጫ ሆኗል። መናኸሪያ የተቀበሉኝ ብዙ ናቸው። ከተማ ያለችው የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ ዛሬ እዚህ እደሪ፤ መንደር ጠዋት እንሄዳለን አለችኝ። «አባዬስ?» ስል «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። አልመጡም ወይ ስል መንገዱ ይከብዳቸዋል ይላሉ። ሻንጣዬን ከፍቼ የገዛሁላቸውን የጆሮ መስሚያ አሳየኋቸው። እንዴት እንደሚሠራ ላሳይ ብዬ በአክስቴ ጆሮ ውስጥ አስገብቼ በሹክሹክታ አወራኋት። ሁሉም ሳቀ፤ አክስቴም ሳቀች። ከዚያ መስሚያውን አውልቃ ሰጠችኝና ወደ ጓዳ ገባች፤ ተመልሳ አልወጣችም።

ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ገቡ፤ ከኋላቸው ሴቶች። ይህን ሥርዓት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ገና ሳይናገሩ ገባኝ። ከሁሉ የሚበልጡት «ልጄ፣ የሸህ ልጅ ነሽ፤ ትዕግሥቱን የምታውቂ ነሽ። አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደው። አባትሽ ወደ አኼራ ሄደዋል» አሉኝ። ሴቶቹ ለቅሶውን አቀለጡት።

እኔ ትናንት መስሎኛል። በአንድ ሌሊት አመለጡኝ ብዬ ነው ፊቴን የነጨሁት። «መቼ? መቼ?» እላለሁ። 

«ካቻምና ነው ልጄ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። «ካቻምና ግንቦት ላይ።»

«ኧረ አይደለም!» አልኩ። «በረመዳን ጽፈውልኛል። በክረምት ጽፈውልኛል። ወላሂ ጽፈውልኛል!» ስልኬን አውጥቼ ደብዳቤዎቹን አሳየኋቸው። ሽማግሌው አላዩም፤ ያዩት እህቴን ነው። እህቴ መሬት መሬት ታያለች።

ሩቅ ያለ ሰው እስኪመጣ ድረስ መርዶ እንደሚደበቅበት አውቃለሁ። እኔም ስለ ሌሎች ደብቄያለሁ። ኩዌት በዓርብ ቀን የማገኛቸው የአገሬ ልጆች ሁሉ ያውቁ እንደነበር በኋላ ሰማሁ፤ አብረውኝ ሲበሉ፣ አባባ ደህና ናቸው ሲሉኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አገር ምድሩ አውቆ እኔ ብቻ ሳላውቅ! ጎረቤቶቻችን መንደር ስደርስ እንደ አዲስ አለቀሱልኝ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ጠላኋቸው። እናንተ አልቅሳችሁ የጨረሳችሁት ካቻምና ነው፣ አሁን ለማን ታለቅሳላችሁ ብዬ ጮህኩባቸው። ሐዘን ነው፣ ይለፍላት ብለው አለፉኝ።

ደብዳቤዎቹን እህቴ በእሳቸው እጅ አስመስላ የጻፈቻቸው መስሎኝ ነበር። አጠገቧ መቀመጥ አስጠላኝ። በአራተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል፣ የአባቴን የኪታብ ማህደር፣ ያን የቆዳ ቦርሳ ይዛ መጣችና ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

«እኔ አልጻፍኩም እታለም» አለች። «ራሳቸው ናቸው የጻፉት። ደሴ ሐኪም ቤት ሄደው እንደማይድኑ ሲነገራቸው ተመልሰው መጻፍ ጀመሩ። ሦስት ሳምንት ጻፉ። እኔን እንዳልነግርሽ የያዙኝ በቁርኣን አስምለው ነው።»

ከፈትኩት። የላኩልኝ ደብዳቤዎች ዋናዎቹ አሉ። በእያንዳንዱ ጀርባ በእጃቸው ተጽፎበታል፤ «ለረመዳን»፣ «ለአረፋ»፣ «ለክረምት»። አንዱ ላይ «ልምጣ ስትል» ይላል። በሁለት ቀን የደረሰኝ እሱ ነው። የጭራዋን መልስ ያልመለሱት ለዚህ ነው፤ አራት ገጼን አላነበቡትም። እኔ ስጽፈው እሳቸው አልነበሩም።

«ሦስት ቀን ብቻ ደብቄ ማዳም ሌባ አለችኝ» አልኳት። «ስነግርሽ ዝም አልሽ። ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ያ ረቢ! ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር እኮ» አለች። «እኔስ ምን ሆኜ ኖርኩ መሰለሽ? ስልክሽ ሲጮህ እንባዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አስተካክዬ ነው የማነሳው። አባቴን አልቅሼ አልጠገብኩም። ደግሞስ ለለቅሶ መጥተሽ በዚያው ብትቀሪ፣ ይሄን ሁሉ ልጅ በምን አሳድጋለሁ? እሳቸውም የፈሩት ይሄንኑ ነው። አንቺ ነሽ ያቆምሽን።»

እውነቷን ነው፤ እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ። አቁሜያቸው ነበር። ምሰሶ ለቅሶ አይጠራም ማለት ነው። በአባቴ ተናድጄ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ተናደድኩ፤ ስናደድ እንኳ አንቱ ማለቴን መተው አቃተኝ። እንዴት ቻሉ? ጠይቂልኝ ያሉኝ ጊዜ ሕመሙ ሆዳቸው ውስጥ ነበር። ስለ ጭራ ከሚጠይቁኝ፣ ልጄ ልሞት ነው፣ ድረሽብኝ ቢሉኝ በክንፍ እመጣ አልነበረም?

ከማህደሩ ሥር ያልተላኩ ሰባት ደብዳቤዎች ቀርተዋል። ሳልከፍታቸው ጀርባቸውን አየሁ። ሌላ ረመዳን አለ፣ ሌላ አረፋ አለ። «ስታገባ» የሚል አለ። «ስትታመም» አለ፤ «ሆድ ሲብሳት» አለ። ሁሉን አስበውታል። ሁለቴ አገላበጥኳቸው፤ የምፈልገው የለም።

«ስትመጣ የሚለውስ?» አልኳት።

እህቴ ደብዳቤዎቹን ከጉልበቴ ላይ ሰበሰበች። ደግሜ ጠየቅኳት።

«እሱን ጠይቄያቸው ነበር» አለች። «ስትመጣ የምሰጣትን አልጻፉልኝም አልኳቸው። ‹አትምጪ ካልኳት አትመጣም› አሉኝ።»

እውነታቸውን ነው። አትምጪ ባሉኝ ጊዜ አልመጣሁም።